በፑሽ አፕና በአሥራ አራት ዓመት እስራት መካከል

መስከረም 30 ቀን 2011 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ፣ ሽሮ ሜዳ ከሸማ መሸጫዎቹ ዝቅ ብላ በምትገኝ አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ዓይኑን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክሏል። ቀኑን መንገድ ተዘግቶ፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ ከተማው በወሬ ሲታመስ ነው የዋለውና «ምን ተፈጠረ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይጠበቃል። የታየው ግን ማንም ያልጠበቀው ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ከወታደሮች ጋር መሬት ላይ ተደፍተው ፑሽ አፕ ይሠራሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ያልሳቁት ከጥግ የተቀመጡ፣ የሰፈሩ ሰው «ሃምሳ አለቃ» እያለ የሚጠራቸው አንድ አዛውንት ብቻ ነበሩ።

«ምነው ሃምሳ አለቃ፣ አላሳቀዎትም እንዴ?» አልኳቸው።

«ምኑ ያስቃል? እነዚህ ልጆች ሻምበል የላቸውም? ሻምበላቸው እያለ ቤተ መንግሥት ምን አመጣቸው?» አሉኝ።

ያን ዕለት ጥያቄውን የሽማግሌ ማጉረምረም አድርጌ አለፍኩት። ከዚያ ወዲህ በሆነው ሁሉ ውስጥ ግን ደጋግሞ እየመጣ ያስቸግረኛል። ዛሬ ላነሳው የፈለግሁትም እሱኑ ነው፤ ወታደር ሲያጠፋም ሆነ ሲበደል፣ ከቅርብ አለቃው ጋር ተቀምጦ የሚነጋገርበት፣ የተነጋገረውም ተጽፎ የሚቀመጥበት ሥርዓት በሠራዊታችን ውስጥ አለን? ከሌለስ ዋጋውን የሚከፍለው ማነው?

በመጀመሪያ የዚያን ቀን ነገር እናስታውስ። ቤተ መንግሥት የደረሱት ወታደሮች ቁጥራቸው ከ200 በላይ ነበር፤ ከፊሎቹ መሣሪያ ይዘው ነበር። በቡራዩና አካባቢው ተፈጥሮ በነበረው ቀውስ ምክንያት ግዳጅ ላይ ቆይተው የተመለሱ መሆናቸው ተነግሯል። ጥያቄያቸው ስለ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ነው ተባለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አነጋገሯቸው፣ ለጥፋታቸው ፑሽ አፕ «ቀጧቸው»፣ አብረዋቸውም ሠሩ፣ ራትም በሉ። ሳምንት እንኳ ብዙም ሳያልፍ፣ ጥቅምት 8 ቀን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው ሲያስረዱ ግን የነገሩ መልክ ተለወጠ። ድርጊቱ ሕገ ወጥና አደገኛ እንደነበር፣ ከጀርባው ለውጡን የማጨናገፍ ዓላማ የነበራቸው ሰዎች እንደነበሩ ተናገሩ። ቀጥሎ ጉዳዩ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ 66 ወታደሮችም ከ5 እስከ 14 ዓመት የሚደርስ እስራት ተፈረደባቸው።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። ፑሽ አፕ በወታደር ቤት ከቅጣት ሁሉ የመጨረሻው ቀላል ነው፤ ጫማውን ያልጠረገ ምልምል የሚታረምበት ነው። አሥራ አራት ዓመት ደግሞ የሰው ዕድሜ ነው። አንዱ ድርጊት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሁለቱንም አስከተለ። ዳኞቹ ተሳሳቱ ለማለት አይደለም። ታጥቆ ወደ መንግሥት መቀመጫ መሄድ በየትኛውም አገር ሠራዊት ከባድ ወንጀል ነው፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችንም ለወታደራዊ ወንጀሎች ራሱን የቻለ ርዕስ መድቦላቸዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ከቅጣቱ በፊት የነበረው ባዶ ቦታ ነው። የደመወዝ ቅሬታ በአንድ ቀን ተወልዶ በዚያው ቀን ቤተ መንግሥት አይደርስም። ጓዱ ውስጥ ይብሰለሰላል፣ መቶው ውስጥ ይወራል፣ ሻምበሉ ጆሮ ይገባል። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ «ና ተቀመጥ፣ ምንድነው የሆንከው?» ብሎ የጠየቀ፣ የተባለውን ጽፎ ወደ በላይ ያስተላለፈ አለቃ ነበረ ወይ?

የነገሌው ጉድጓድ

ጥያቄው አዲስ አይደለም። እኛ የጉለሌ ሰዎች ደግሞ ከወታደር ታሪክ መራቅ አንችልም። አዲስ አበባ ራሷ በየመኳንንቱ የጦር ሰፈር የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ «ሰፈር» የሚለው ቃል ዛሬ የመኖሪያ ስም ሆኖ ቢቀርም መነሻው ጦር የሚሰፍርበት ቦታ ነው። ከላይ እንጦጦ የምኒልክ ከተማ ነበረች፤ ከታች ጃንሜዳ የነገሥታቱ ሠራዊት የሚሰለፍበት ሜዳ ነበር። በዚያ ዘመን የወታደር የሥራ አፈጻጸም የሚገለጸው በፉከራ ነው። ወታደሩ በጌታው ፊት ቆሞ የት እንደዋለ፣ ምን እንደጣለ ይናገራል፤ ዋሽቶ ከሆነ አብሮት የዋለው ሰው አለና ያፍራል። የከፋው ደግሞ ጌታውን ትቶ ሌላ ጌታ ጋ ያድራል። ሻካራ ቢሆንም መነጋገሪያ ነበረው ማለት ነው።

ዘመናዊው ሠራዊት ሲቋቋም ይህ ቀረ፤ በምትኩ የመጣው የዕዝ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ትእዛዝን ወደ ታች ለማውረድ ጥሩ ነው። ቅሬታን ወደ ላይ ለማውጣት ግን እንደምናየው አልሠራም። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የነበረው 4ኛ ብርጌድ ያመፀው ስለ ርዕዮተ ዓለም አልነበረም። የወታደሮቹ የውኃ ፓምፕ ተበላሸ፣ ምግቡም የማይበላ ሆነ፤ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። መኮንኖቻቸውን አሰሩ። ጉዳዩን እንዲያጣሩ ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌ/ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም አግተው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ጄኔራሉ ታመሙ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ቀልድ ይነገራል። ከሥራ አመራር አንፃር ካየነው ግን አስደንጋጭ ነው። የአንድ ፓምፕ ጥገና የሻምበል፣ ቢበዛ የሻለቃ አዛዥ ጉዳይ ነው። እዚያ መልስ ስላጣ አዲስ አበባ ደረሰ። በሳምንታት ውስጥ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ቀጠለ፤ የካቲት 18 አሥመራ ያለው 2ኛ ክፍለ ጦር ተነሳ፤ በዚያው ወር የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ሰኔ 21 ቀን 4ኛ ክፍለ ጦር ግቢ ውስጥ የተሰበሰቡት የየክፍሉ ተወካዮች ደርግ ሆኑ፤ የቀረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለአብዮቱ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ረሃቡም፣ ነዳጁም፣ ተማሪውም አለ። ይሁንና ወታደሩን በመጀመሪያ ያስነሳው ሰሚ ያጣ የውኃ ጥያቄ ነው።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ለወታደሮቹ ያኔ የተሰጣቸው መልስ ማባበልና ደመወዝ መጨመር ነበር። ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላም ሠራዊቱ ደመወዝ ጠይቆ ተጨምሮለት ነበር። ከዚህ ወታደሩ ምን ተማረ? ለሻምበሉ ቢናገር ምንም እንደማያገኝ፣ በጅምላ ቢነሳ ግን እንደሚያገኝ ነው።

ደርግ በበኩሉ ነገሩን ገለበጠው። ከሶቪየቶች የተቀዳው አደረጃጀት በየክፍሉ አዛዡን፣ የፖለቲካ ኮሚሳሩንና የወታደራዊ ደህንነቱን ሰው ጎን ለጎን አስቀመጠ። ሦስቱም ወደ ላይ ለየብቻ ሪፖርት ይጽፋሉ። ወረቀት በዛ ማለት ነው፤ ግን ወረቀቱ ስለ ወታደሩ እንጂ ለወታደሩ የተጻፈ አልነበረም። የተጻፈበት ሰው አያነበውም፣ አይፈርምበትም፣ አይከራከርበትም። ሃምሳ አለቃ ያን ዘመን ሲያስታውሱ፣ «ከጠላት ይልቅ የምንፈራው የሚጽፈውን ነበር» ይላሉ።

የዚህ አሠራር ጫፍ የታየው በ1980 ዓ.ም. ነው። በየካቲት ወር የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ብ/ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ትእዛዝ ተረሸኑ። ብርቱ ከሚባሉት የጦር መሪዎች አንዱ ነበሩ። በቀጣዩ ወር፣ መጋቢት ላይ፣ አፍአበት ወደቀች፤ ናደውም ፈረሰ። ተጠያቂነት ተብሎ የተሠራው ነገር ያስከተለው ይህን ነው። አዛዦች ከዚያ በኋላ እውነቱን ሪፖርት ያደርጉ ዘንድ ማን ይጠብቃል? ግንቦት 1981 ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ከዚያ ሌላ አንድ ዓመት ቆይቶ ከአፍሪካ ትልልቆቹ አንዱ የነበረው ሠራዊት ተበተነ። በዚህች በጉለሌ መንገዶች ላይ የደንብ ልብስ ለብሰው እጃቸውን ሲዘረጉ ያየናቸው ሰዎች የዚያ ሠራዊት ልጆች ነበሩ።

ግምገማ የሚባለው

በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ሠራዊት ሌላ ልማድ ይዞ መጣ። ግምገማ። ከበረሃው ትግል የተወረሰው ይህ አሠራር፣ ሂስና ግለ ሂስ ከሚባለው የግራ ፖለቲካ ባህል የሚመዘዝ ነው። ከውጊያ በኋላ ጋንታው ይሰበሰባል፣ ማን ምን እንደሠራ ይነገራል፣ ተራ ታጋይ ተነስቶ አዛዡን «አንተ እዚህ ጋ አጥፍተሃል» ይላል።

ፍትሐዊ እንሁን። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በንጉሡ ጦርም በደርግ ጦርም ተራ ወታደር አዛዡን ፊት ለፊት መውቀስ የማይታሰብ ነበር። ለትንሽ የሽምቅ ጦር፣ ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት፣ ማዕረግና ደመወዝ በሌለበት፣ ግምገማ ስህተትን ቶሎ ለማረም ረድቷል። ድል ካደረጉባቸው ምክንያቶች አንዱ እሱ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም አልክድም።

ችግሩ የጀመረው ትግሉ አልቆ ሠራዊቱ የመንግሥት ሠራዊት ሲሆን ነው። ማዕረግ መጣ፣ ደመወዝ መጣ፣ ለሰላም ማስከበር ወደ ውጭ መሄድ መጣ። ይህ የመጨረሻው ቀላል አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአንድ ሰላም አስከባሪ በወር ለላኪው መንግሥት የሚከፍለው 1,428 ዶላር ነበር፤ ኢትዮጵያ ደግሞ በዚያን ሰሞን ከ8 ሺሕ በላይ ወታደሮች በማሰማራት ከዓለም ቀዳሚ ነበረች። ለወታደሩ እጅ የሚገባው መንግሥት የወሰነለት ነው። ቢሆንም ማን ይሄዳል፣ ማን ይቀራል የሚለው የቤተሰብን ኑሮ የሚወስን ጥያቄ ሆነ። እንጀራ የተንጠለጠለበት ስብሰባ ውስጥ ደግሞ ሂስ ሂስ ሆኖ አይቆይም፤ መሣሪያ ይሆናል።

አንባቢዎቼ ይህን ለማወቅ ወታደር መሆን አያስፈልጋችሁም። ግምገማ ከጦር ሰፈር ወጥቶ ወደ የመሥሪያ ቤታችን ገብቶ አይተነዋል። አዳራሽ ሞልቶ፣ መድረኩ ላይ አንድ ሰብሳቢ ተቀምጦ፣ «የአመለካከት ችግር አለበት» የሚል ማን እንደሆነ ይጠበቃል። «ጥገኛ»፣ «ትምክህተኛ»፣ «ጠባብ» የሚሉ ቃላት በሥራ ላይ ያለን ጉድለት አይገልጹም፤ ሰውየውን እንጂ ሥራውን አይነኩም። ቢሮ አርፍዶ የሚገባ ሰው ትምክህተኛ ስለተባለ በማግስቱ በጊዜ አይመጣም። በኋላ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ አንድ ለአምስት መጣ። ቅጹ ሲበዛ ውጤቱ ሁሉ «በጣም ጥሩ» ሆነ። በአንድ በኩል በአደባባይ ማዋረድ፣ በሌላ በኩል ለሁሉም እኩል ማዳረስ። መሐል ላይ መሆን የነበረበት ነገር፣ አለቃና ሠራተኛ በር ዘግተው «ባለፈው ሦስት ወር ይህ ጎድሎሃል፣ በሚመጣው ሦስት ወር ይህን እናስተካክል፣ እኔም በዚህ አግዝሃለሁ» የሚባባሉበት፣ በአብዛኞቻችን የሥራ ዘመን አንድ ጊዜም አልተከሰተም።

ሃምሳ አለቃ ሁለቱንም አይተዋል። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር ከተጠሩት የቀድሞ ሠራዊት አባላት አንዱ ነበሩና ግምገማ ውስጥ ተቀምጠዋል። እንዴት ነበር ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ጥሩ ነው፣ ሁሉም ይናገራል» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ሲያልቅ ግን ምን እንዳስተካክል የነገረኝ ሰው የለም» አሉኝ።

ሌሎች እንዴት ያደርጉታል?

የአሜሪካ ጦር ለዚህ ጉዳይ 4856 የሚል ቁጥር ያለው ቅጽ አለው። እ.ኤ.አ. በ1953 ከተፈረመው ስምምነት በኋላ ለሃያ ዓመታት ያህል የኢትዮጵያን ጦር ያሠለጠኑ እነሱ ስለነበሩ፣ የዚያን ጊዜ መኮንኖቻችን ይህን መሰሉን አሠራር በቅርብ የማየት ዕድል ነበራቸው። ቅጹ ሁለት ገጽ ብቻ ነው። የቅርብ አለቃው ለምን እንደጠራው ይጽፋል፤ ዋና ዋና ነጥቦችን ይጽፋል፤ ሁለቱ የተስማሙበትን የእርምት ዕቅድ ይጽፋል፤ አለቃው ራሱ ምን ለማድረግ ግዴታ እንደገባም ይጽፋል። ወታደሩ እስማማለሁ ወይም አልስማማም ብሎ ምልክት ያደርጋል፣ የራሱን ሐሳብ ያሰፍራል፣ ይፈርማል። ከጊዜ በኋላ ተመልሰው ተገናኝተው ዕቅዱ ሠራ ወይ አልሠራም የሚለውን ይሞሉበታል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን የሳበኝ አንድ ነገር ነው፤ «የአለቃው ኃላፊነት» የሚለው ሳጥን። ወታደሩ ዘገየ እንበል። የዘገየው ሚስቱ ታማ ስለሆነ ከሆነ አለቃው «የሦስት ቀን ፈቃድ አሰጥሃለሁ» ብሎ ይጽፋል። ካላሰጠው ቅጹ ተመልሶ በአለቃው ላይ ይመሰክራል። ተጠያቂነቱ ወደ ታች ብቻ አይፈስም ማለት ነው።

ወረቀት ብቻውን ሰው እንደማያድን ግን ከዚያው ጦር እንማራለን። እ.ኤ.አ. በ2004 የአቡ ግሬብ እስር ቤት ፎቶዎች ሲወጡ ጠባቂዎቹ ይህ ቅጽ ያለው ሠራዊት አባላት ነበሩ። በጄኔራል አንቶኒዮ ታጉባ የተመራው ምርመራ ያገኘው ትልቁ ጉድለት የአመራርና የክትትል ማነስ ነው። ቅጹም ቢሆን በብዙ ክፍሎች ሰው ሲያጠፋ ብቻ የሚሞላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሆኖ፣ ወታደሮቹ ስሙን ሲሰሙ ሆዳቸው እንደሚሸበር የሚናገሩት ራሳቸው አሜሪካውያን ናቸው። የእኛ አገር «ምክር» የሚለው ቃልም ከዚህ አልራቀም፤ «ምክርና ተግሣጽ ተሰጥቶት ታለፈ» ሲባል ምክሩ የት እንዳለ ማንም አይጠይቅም፣ ሁሉም የሚሰማው ተግሣጹን ነው።

ጀርመኖች በሌላ መንገድ ሄዱ። ከሂትለር ጦር ጥፋት በኋላ አዲስ ሠራዊት ሲያቋቁሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ የፓርላማ የሠራዊት ኮሚሽነር የሚባል ሹመት አስገቡ። ማንኛውም ወታደር የዕዝ ሰንሰለቱን ሳይጠብቅ በቀጥታ ለዚህ ሰው መጻፍ ይችላል፤ በመጻፉም ሊቀጣ አይችልም። ኮሚሽነሩ በየዓመቱ ለፓርላማው ሪፖርት ያቀርባል፤ ሪፖርቱም ለሕዝብ ይታተማል። የሻወር ውኃ ስለመቀዝቀዙ ሳይቀር ይነበባል። ነገሌ ላይ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚላክበት አድራሻ ቢኖር ብሎ ማሰብ አይከፋም።

እኛ ጋ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 ተቋቁሟል። ነገር ግን ይኸው አዋጅ ብሔራዊ ደህንነትንና መከላከያን በሚመለከት የፀጥታ ኃይሎችና የመከላከያ ክፍሎች የሚሰጡትን ውሳኔ ተቋሙ እንዳይመረምር ይከለክላል። ክልከላው የጦርነት ምስጢርን ለመጠበቅ ከሆነ ይገባኛል። ያልተከፈለ አበልና የዘገየ ማዕረግ ግን በምን ሒሳብ የጦርነት ምስጢር እንደሚሆን አላውቅም።

ከዶሮ እስከ ነፍስ

እስከዚህ ያነሳሁት ወታደሩ ሲበደል ነው። የባሰው ደግሞ ወታደሩ ሲበድል ነው።

ግንቦት 13 ቀን 2013 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በትግራይ ጦርነት ወቅት ስለተፈጸሙ ወንጀሎች መግለጫ አውጥቶ ነበር። በመግለጫው መሠረት ሦስት ወታደሮች በአስገድዶ መድፈር፣ አንዱ ሰላማዊ ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተብለዋል። ሌሎች 28 ወታደሮች ወታደራዊ አስገዳጅነት በሌለበት ሰላማዊ ሰዎችን በመግደል፣ 25 ደግሞ በፆታዊ ጥቃትና በመድፈር ተከሰው ነበር። መግለጫው መውጣቱ በራሱ እንደ እርምጃ ሊታይ ይገባል፤ ከዚያ በፊት በነበሩ ዘመናት እንዲህ ያለ ቁጥር በመንግሥት አፍ ሲነገር አልተለመደም። ሆኖም ክሱ የሚታየው በወታደራዊ ፍርድ ቤት ነው፤ ውሳኔው ጋዜጠኛ ከመዝገብ ቤት አስወጥቶ የሚያነበው፣ የተጎጂ ቤተሰብ ግልባጭ የሚወስድበት አይደለም። በዚያው ዓመት ጥቅምት 24 ቀን በሰሜን ዕዝ ላይ የተፈጸመው ጥቃት ሠራዊቱ ውስጥ የተወውን ቁስል አልዘነጋሁም። ሁሉም ወገን ወንጀል መፈጸሙንም የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተመድ የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት በጋራ ባወጡት ሪፖርት አስቀምጠውታል። ይህ ግን የደንብ ልብስ የለበሰውን ሰው ተጠያቂነት አያነሳለትም፤ እንዲያውም ያከብደዋል።

ከዚያ በኋላም አላበቃም። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በአማራ ክልል መርዓዊ ከተማ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግሥት የፀጥታ ኃይሎች መገደላቸውን ኮሚሽኑ አሳውቋል።

ታዲያ ይህ ከምክርና ከቅጽ ጋር ምን ያገናኘዋል? ብዙ ያገናኘዋል። ቤት ለቤት ገብቶ የሚገድል ወታደር በዚያ ቀን አይፈጠርም። አስቀድሞ የገበሬ ዶሮ ወስዷል። ፍተሻ ኬላ ላይ ሹፌር በጥፊ መትቷል። ሰክሮ ተኩሷል። እነዚህን ጥፋቶች ያየ አሥር አለቃ አለ፤ «ልጅ ነው፣ ግዳጅ ላይ ነን» ብሎ አልፎታል፣ ወይ ሁለት ሰዓት በርከክ አድርጎት ጉዳዩ ተዘግቷል። የተጻፈ ነገር የለም። ወታደሩ ወደ ሌላ ሻምበል ሲዛወር ታሪኩ አብሮት አይዛወርም። አዲሱ አዛዥ ንጹሕ ሰው የተቀበለ ይመስለዋል።

ከዚያ ከባዱ ወንጀል ሲመጣ አዛዡ «አላወቅሁም» ይላል። በዓለም አቀፍ ሕግ ይህ መልስ አያድንም፤ የበታቾቹ ወንጀል ሊፈጽሙ እንደሆነ ያወቀ ብቻ ሳይሆን ማወቅ ሲገባው ሳያውቅ የቀረ፣ አውቆም ያልከለከለ ወይም ያልቀጣ አዛዥ ይጠየቃል። የእኛ የወንጀል ሕግ ግን ይህን የአዛዥ ኃላፊነት በዚሁ መልክ ራሱን የቻለ ድንጋጌ አድርጎ አላስቀመጠውም። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ይሠራል ከተባለ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ቀስቅሴ የሳበው ምክትል አሥር አለቃ ብቻ ይጠየቃል ወይስ ከሱ በላይ ያለውም? ለዚህ ማስረጃው ምንድነው? የት ተጽፏል?

በዚህ ረገድ ሦስት መስመር የምትሆን የተፈረመች ወረቀት ብዙ ትናገራለች። «መጋቢት 3 ቀን ኬላ ላይ ሰው መትተሃል፤ መመሪያው ይህንን ይከለክላል፤ መሣሪያህን ለሁለት ሳምንት ተረክቤሃለሁ፤ ሚያዝያ 3 እንነጋገራለን።» ወረቀቷ ካለች አዛዡ ማወቁም፣ የቻለውን ማድረጉም ይታያል፤ ስለዚህ ሐቀኛ አዛዥን የምታድን እሷ ናት። ከሌለች ደግሞ ለምን እንደሌለች መጠየቅ ይቻላል።

የሚነሱ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ። አንድ ጡረታ የወጡ መኮንን ይህን ሐሳብ ሳነሳላቸው ሳቁብኝ። «ጫካ ውስጥ፣ ዝናብ ላይ፣ ተኩስ ባለበት ቅጽ ልታስሞላን ነው?» አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ያው ጫካ ውስጥ ጥይት ተቆጥሮ ይፈረምበታል፣ ራሽን ተቆጥሮ ይፈረምበታል፣ የጠፋች ካርታ ሳትቀር ደብዳቤ ይጻፍባታል። ለክላሽ ጥይት መዝገብ ያለው ሻምበል ክላሹን ለያዘው ሰው መዝገብ ቢኖረው ምን ያግደዋል? ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። በየትኛውም መዝገብ ላይ ብሔርና የፖለቲካ አቋም እየተጻፈ የደርጉ ዘመን ሪፖርት በአዲስ ስም ይመለሳል የሚል ነው። ለዚህ ያለኝ መልስ አንድ ነው፤ የተጻፈበት ሰው ያላነበበውና ያልፈረመበት ወረቀት እንደሌለ ይቆጠር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 ሠራዊቱ ከማናቸውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ ተግባሩን ያከናውናል ይላል። ስለዚህ ቅጹ ላይ አመለካከት የሚል ሳጥን ቦታ የለውም።

በ2011 ዓ.ም. ብዙ ነገር ተለውጧል፤ አዲስ የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ (ቁጥር 1100) ወጥቷል፣ ስድስት የነበሩት ዕዞች ወደ አራት ተጠቃለዋል፣ ጥቅማ ጥቅምም ተሻሽሏል። እነዚህ ሁሉ ከላይ የሚሠሩ ናቸው። የሃምሳ አለቃ ጥያቄ ግን ከታች ነው፤ የጓድ መሪና የመቶ መሪ የሚሠለጥኑበት ቦታ ላይ። አሥር አለቃ ተኩስ ማስተማር ይማራል፤ አንድን የሃያ ዓመት ልጅ አስቀምጦ ስለ ሥራው በክብር ማነጋገር ግን ማን ያስተምረዋል? መከላከያ ሚኒስቴር በጀቱን ይዞ በሚቀርብበት ጊዜ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ አባላት ከታንክና ከአውሮፕላን ጥያቄ ቀጥለው ይህንን ቢያነሱት፣ ባለፈው ዓመት ስንት ቅሬታ ከሻምበል ወደ ሻለቃ በጽሑፍ ተላለፈ፣ ስንቱስ መልስ አገኘ ብለው ቢጠይቁ፣ ምስጢር የሚወጣበት አይደለም።

ባለፈው ሰሞን ሃምሳ አለቃን እዚያችው ሻይ ቤት አግኝቻቸው ነበር። ስለዚህ ጽሑፍ ነገርኳቸውና የእርስዎ ስንብት ወረቀት ላይ ምን ተጽፏል አልኳቸው። ቤታቸው ሄደው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው ተመለሱ። በሁለት መንግሥት ሥር ያገለገሉበት ዘመን፣ ማዕረጋቸው፣ ማኅተም። ሥራቸውን እንዴት እንደሠሩ የሚል አንድም መስመር የለበትም።

«እኔ ራሴ ጥሩ ወታደር ነበርኩ ወይስ አልነበርኩም?» አሉኝ፣ ወረቀቱን መልሰው እየጠቀለሉ። «የነገረኝ የለም እኮ።»